የሐሰተኛ ብር መለያዋ መብራት

ሰኞ ነው፤ ባቲ ላይ ገበያው ሞልቷል፣
የግመሉ አቧራ መስኮቴን ዘግቷል።
ስቆጥር የዋልኩት ላብ የጠጣ ብር
አውራ ጣቴን ልጦ ያቃጥለኝ ጀመር።

አሥር ሰዓት ሲሆን፣ በሩ ሲቆለፍ፣
ይማም ዘበኛችን ወንበር ሲያሰልፍ፣
እህቴ ዘምዘም ገባች በጓሮ በር፣
ከሻሿ ሥር ይዛ አንድ ቆርቆሮ ነገር።

«ይኸውልህ» አለች፣ «ደሴ ገዛሁት፣
ለፀሐይ ነው አሉኝ፤ ተበድሬ አመጣሁት።
ሻጩ ሦስት ጊዜ ‹ወላሂ› አለልኝ፣
ሦስተኛው ‹ወላሂ› ሆዴን ቆረጠኝ።»

ሩማና ልጇ ናት፤ ሰባት ዓመቷ ነው፣
ቅንድቧም ጠጉሯም የጤፍ ጭድ መልክ ነው።
ሰው ስም ያወጣላታል፤ እኔ አልደግመውም፣
ቆዳዋ ከፀሐይ ጋር ውል አልፈረመም።
ለእረፍት ሲደወል፣ ልጅ ሁሉ ሲበተን፣
እሷ ትለካለች የግድግዳ ጥላን፤
በስንት እርምጃ ከቧንቧው እንደሚያደርስ፣
በስንት ሰዓት ላይ ጥላው እንደሚያንስ።
ባለፈው ጥቅምት ላይ ጆሮዋ ተላጠ፣
ከንፈሯ ቆሰለ፣ አፍንጫዋ አበጠ።

እኔ ሐኪም አይደለሁ፤ ገንዘብ ቆጣሪ ነኝ፣
የማምነው መሣሪያ አንዲት ናት ያለችኝ፦
ሐሰተኛ ብር መለያ፣ ወይን ጠጅ መብራት፣
አንድ ስንዝር የማትሞላ፣ ሽቦዋ የላላባት።
ደህናው መቶ ብር ከሥሯ ሲተኛ
ክሮቹ ይነቃሉ፤ ያ ነው መተማመኛ።
ፎርጅዱ ሲገባ ግን ወረቀቱ ራሱ
አለቅጥ ያበራል፤ ከሳሹም ምስክሩም እሱ።

«ዘምዘም» አልኳት፣ «ይህ ጨረር አልትራቫዮሌት ነው፣
ሩማናን ከሚልጠው ከዚያው ከአንድ ቤት ነው።
ቆርቆሮሽ እውነት ከሆነ መንገዱን ይዝጋበት፣
የብሩ ክር ይጥፋ፤ እንይ ሲጨልምበት።»

የባጄን ላስቲክ አውጥቼ በእስክሪብቶ ከፈልኩት፣
ግራውን እንዳለ ባዶውን ተውኩት፣
ቀኙ ላይ ረጨሁ። ሽሽሽ አለ ጣሳው፣
የኮኮናት ሽታ ባንኩን አዳረሰው፤
ይማም አስነጠሰ፣ ዱላውን አነሳ፣
ሌባ የገባ መስሎት በኮኮናት ጣሳ።

እስኪደርቅ ጠበቅን። አምፖሉን አጠፋን።
ይማም መጋረጃውን በዱላው ገጠመልን።
ብሩን ከሥር፣ ላስቲኩን ከላይ፣
መብራቷን ከሁሉ በላይ።

በግራ፣ በባዶው፣ ክሩ እንደ ወትሮው በራ።
በቀኝ ጨለማ።
ዘምዘም «አልሐምዱ…» ብላ ሳትጨርስ
አየሁት፤ ጨለማው ተበሳስቷል፤
እዚህም እዚያም ጠብታው ያልነካው ስፍራ
እንደ ወንፊት ያፈስሳል ሰማያዊ ጮራ።

«ሻጩስ አልዋሸም» አልኳት፣
«እውነቱ ግን ቀዳዳ አለበት።»
ደግሜ ረጨሁ። ነጥቦቹ ሳሱ፣
አላለቁም ግን፤ ሦስት አራቱ ጨርሰው አልጠፉ፣ ጥግ ይዘው አኮረፉ።

ያኔ ሩማና (ማን እንዳስገባት እንጃ)
ከጠረጴዛው ሥር ወጣች፤
ላስቲኩን ከእጄ ነጠቀች፣
በመዳፏ አሸችው፣
እናቷ ፀጉሯን ቅቤ እንደምትቀባት
ከዳር እስከ ዳር አዳረሰችው።
«እንደገና አብራ» አለች።

አበራሁ።
በቀኝ በኩል መቶ ብር የለም። አንድ ክር አልቀረ።
ማንም ምንም አላለም። ይማም ጉሮሮውን ጠረገ፣ ዝም ብሎ ቀረ።

እኔ የቆጠርኩትን ብቻ ነው የምፈርም።
ይህች ስንዝር የማትሞላ መብራት የባቲ ፀሐይ አይደለችም።
ስለዚህ በተቀማጭ ደረሰኝ ጀርባ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦
ሁለቴ ይረጭ። በእጅ ይታሽ። ጆሮ አይረሳ።
ላብ ካጠበው ይደገም። ባርኔጣው አይነሳ።
ብዙ ባውቅ ብዙ እጽፍ ነበር፤ እዚህ ላይ አበቃሁ፣
ማህተም ልመታበት ነበር፣ ተውኩት፣ አፈርኩ።

ሊወጡ ሲሉ ይማም ቆቡን አወለቀ፣
በራውን አጎንብሶ «ለእኔስ?» ብሎ ጠየቀ።
ሩማና ሳቀች፤ ሁለቴ ረጨችው፣
ከዚያም ረጅም ጊዜ፣ ቀስ ብላ፣ አሸችው።

ማግስቱን ሒሳቤ ሞላ፤ ሳንቲም አልጎደለም።
ያንን መቶ ብር የወሰደው ሰውዬ አሸተተው፣
ወደ እኔ አየ፣
ደግሞ አሸተተው።